ሶቅራጥስ በበርሚንግሃም እስር ቤት፦ የጥቁሮች የነፃነት ትግል ከግሪክ ፍልስፍና ምን ወሰደ?

የፒያሳ_አንባቢ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሰሞኑን ስለ ሂዩ ኒውተን እያነበብኩ ነው። በ1966 ከቦቢ ሲል ጋር ኦክላንድ ላይ የጥቁር ፓንተር ፓርቲን ያቋቋመው ሰው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1959 ሲጨርስ በቅጡ ማንበብ አይችልም ነበር። ይህን የሚነግረን ራሱ ነው፤ በ1973 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ። ታዲያ ማንበብን በምን ተማረ? በፕሌቶ «ሪፐብሊክ»! መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ፣ ያልገባውን ቃል አንድ በአንድ እየፈለገ፣ መጽሐፉን ጨርሶ እንደገና ከላይ እየጀመረ።

እዚያ ውስጥ የዋሻውን ምሳሌ አገኘ። ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ዋሻ ውስጥ ታስረዋል። አንገታቸውን ማዞር አይችሉም። ግድግዳው ላይ የሚያልፈውን ጥላ እውነት ነው ብለው ኖረዋል። አንዱ ተፈትቶ ይወጣል፤ ብርሃኑ ዓይኑን ያመዋል። ሂዩ ይህ ምሳሌ የራሱን ሕዝብ ኑሮ በትክክል የሚገልጽ ሆኖ አገኘው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥዬ የአርስቶትልን «ፖለቲካ» ከፈትኩ። መጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ባሪያ ነፍስ ያለው ዕቃ ነው ይላል። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለመገዛት የተወለደ ነው ይላል። በ1550 ስፔን ውስጥ ቫያዶሊድ በተደረገው ክርክር ሴፑልቬዳ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች በኃይል መግዛት ተገቢ ነው ሲል የጠቀሰው ይህንኑ አርስቶትልን ነው። የአሜሪካ ደቡብ የባርነት ጠበቆችም ጠቅሰውታል።

መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ጥያቄዬ ይኸው፦ የባርነት ጠበቆች ከሚቀዱበት ጉድጓድ የነፃነት ታጋዮች እንዴት ውኃ አወጡ? ደግሞስ ለምን ወደዚያ መሄድ አስፈለጋቸው?

---

ሀና_ኦክላንድ

እኔ የምኖረው እዚሁ ኦክላንድ ነው። በቴሌግራፍ መንገድ ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤቶች አሉ፤ ሂዩና ቦቢ የተገናኙበት የያኔው ኮሌጅም ያው በዚሁ ከተማ ነበር። ስለዚህ ታሪኩ ለእኔ ሩቅ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሂዩ እንደሚለው፣ ትምህርት ቤት ሳለ አማካሪው ለኮሌጅ እንደማይሆን ነግሮታል። ያ ልጅ በ1980 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ዶክትሬቱን ያዘ። ፕሌቶን ያነሳው እንግዲህ ከማንም ምስጋና ለማግኘት አይደለም። አትችልም የተባለውን በር በትከሻው እየገፋ ነበር።

ከዋሻው ምሳሌ ደግሞ ሰው ቶሎ የሚያልፈው ክፍል አለ። የወጣው ሰው ፀሐይ እየሞቀ እንዲቀመጥ ፕሌቶ አይፈቅድለትም። ተመልሶ መውረድ አለበት። ሲመለስ ጨለማው ስለሚያደናግረው ይስቁበታል፤ ሊገድሉትም ይችላሉ። ፓንተሮች በጥር 1969 ቅዱስ አውግስጢኖስ በተባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለልጆች ነፃ ቁርስ ማብላት ጀመሩ። ኮሌጅ የገባው ወደ ሰፈሩ ተመልሶ እንቁላል ጠበሰ። እኔ ያንን መውረድ የማየው እዚያ ላይ ነው።

---

ጎርፉ

ሀና፣ ደስ የሚል አነጋገር ነው። ግን ፕሌቶ ዴሞክራት አልነበረም እኮ። የእሱ ሰው ወደ ዋሻው የሚመለሰው ሊገዛ ነው፤ ቁርስ ሊያበላ አይደለም። የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ.ኤል.አር. ጄምስ በ1956 ስለ አቴንስ ሲጽፍ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ፈላስፎቹን ትቶ ተራውን ዜጋ ያዘ። ሹመት በዕጣ የሚደርሰውን፣ ጉባኤ ላይ እጁን የሚያወጣውን። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ ወጥ ሠሪ ሁሉ ማስተዳደር ይችላል የሚል ነው። ባሮችና ሴቶች ከዚያ ጉባኤ ውጪ እንደነበሩ ግን መርሳት የለብንም።

---

ጥቁር_ዓባይ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከመነሻው ነው የተሳሳታችሁት። የግሪክ ፍልስፍና የሚባል ነገር የለም። ከግብፅ የተሰረቀ ነው። ጆርጅ ጄምስ በ1954 ጽፎታል። ጥቁር ሕዝብ የራሱን ንብረት ከሌባው እጅ እየለመነ ለምን ያመሰግናል?

---

መምህር_ዘ

ወንድሜ ጥቁር ዓባይ፣ ቁጣህን እረዳዋለሁ። ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይህንኑ ያነሳል። ሁሌም የሚያነሡት ጎበዞቹ ናቸው።

ጆርጅ ጄምስ የጉያና ተወላጅ ነው፤ አርካንሳስ ውስጥ በጥቁሮች ኮሌጅ ያስተምር ነበር። መጽሐፉ አርስቶትል ከአሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት ዘረፈ ይላል። ይህ ከዘመን ጋር አይሄድም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ331 ዓ.ዓ. ነው። አርስቶትል የሞተው በ322 ዓ.ዓ. ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ያቋቋሙት ከዚያ በኋላ የነገሡት በጥሊሞሶች ናቸው። የሌለ ቤት አይዘረፍም።

ግን እዚህ ላይ የሚያቆሙ ሰዎችም ያናድዱኛል። ግሪኮቹ ራሳቸው ምን አሉ? ፕሌቶ «ቲማዮስ» ላይ የአቴንሱን ሶሎን ግብፅ፣ ሳይስ ከተማ ይወስደዋል። አንድ ሽማግሌ ካህን «እናንተ ግሪኮች ሁልጊዜ ልጆች ናችሁ» ይለዋል። አርስቶትል «ሜታፊዚክስ» መጀመሪያ ላይ ሒሳብ የተጀመረው ግብፅ ውስጥ ነው፤ ካህናቱ ጊዜ ስለነበራቸው ነው ይላል። ሄሮዶቱስ ደግሞ ከግብፅ የመጣውን ነገር ሲዘረዝር አይደክመውም። ዕዳውን በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። ለዚህ «ስርቆት» የሚል ቃል አያስፈልገንም። ተማሪ መሆናቸውን አምነዋል።

---

ጥቁር_ዓባይ

መምህር፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ያሉት ልክ ነው። ዘመኑን አላመሳከርኩም ነበር፤ እቀበላለሁ።

ግን ያ መጽሐፍ ለምን እንደተነበበ ልንገርዎት። እኔ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ሌሊት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ፤ ገጹ የተበታተነ፣ በላስቲክ የታሰረ ቅጂውን አዋሰኝ። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ የሰማው አፍሪካ ምንም አላሰበችም የሚል ብቻ ነበር አለኝ። «ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አልኩ» ነው ያለኝ። ስህተቱን ስንነቅስ ያንን ሰው አንርሳው።

---

መምህር_ዘ

አልረሳውም። ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው።

---

የሕግ_ተማሪዋ

ወደ ርዕሱ እንመለስና ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ማንም አላነሳም። አስገረመኝ።

ሚያዝያ 12 ቀን 1963፣ የስቅለት ዓርብ ዕለት በርሚንግሃም ውስጥ ታሰረ። ስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች ሰልፉ ጊዜውን ያልጠበቀ ነው፣ ታገሡ የሚል መግለጫ በጋዜጣ አወጡ። ኪንግ መልሱን የጀመረው በዚያው ጋዜጣ ዳርና ዳር ላይ ነው። ወረቀት አልነበረውም። ከዚያ አንድ ጥቁር እስረኛ ቁራጭ ወረቀት ሰጠው፤ በመጨረሻ ጠበቆቹ ደብተር አስገቡለት። አስቡት፣ የማስታወቂያና የዜና ጥግ ላይ በጠባብ መስመር እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጽሑፍ። መጽሐፍ የለ፣ ማመሳከሪያ የለ። እዚያ ላይ ነው ሶቅራጥስን ሦስት ጊዜ የጠራው። በቃሉ ነው የጠራው። ከዚያ በፊት በ1961 ሞርሃውስ ኮሌጅ የማኅበራዊ ፍልስፍና ትምህርት ሲያስተምር እነ ፕሌቶን አብሯቸው ኖሯል።

የመጀመሪያው ስለ ውጥረት ነው። «ሁከት ትፈጥራላችሁ» ለሚሉት ሲመልስ፣ ሶቅራጥስ በሰው አእምሮ ውስጥ ውጥረት መፍጠር ያስፈልጋል ብሎ ያምን እንደነበረ፣ እኛም በማኅበረሰቡ ውስጥ እንፈጥራለን አለ። ሶቅራጥስ በፍርድ ቤቱ ንግግሩ ራሱን በትልቅ ሰነፍ ፈረስ ላይ በሚያርፍ ተናካሽ ዝንብ መስሎ ነበር። ኪንግ ያንን ዝንብ ወሰደና ሰላማዊ አደረገው።

ሁለተኛው ስለ ሕግ እምቢታ ነው። ዛሬ የአካዳሚ ነፃነት ያለን ሶቅራጥስ በሰላም እምቢ ስላለ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በጣም ስል ነው። ሰልፋችሁ ዓመፅ ይቀሰቅሳል ላሉት፣ ይህ ሶቅራጥስን እውነትን በመፈለጉ መርዝ እንዲጠጣ ያደረጉትን ትቶ እሱን ጥፋተኛ እንደማለት ነው አላቸው።

የሕግ ክፍል ውስጥ ሁሌም የሚነሳ ችግር አለ። «ክሪቶን» የሚባለውን ንግግር ያነበበ ሰው፣ ሶቅራጥስ ከእስር አላመልጥም፣ ሕጉን አላፈርስም እንዳለ ያውቃል። ታዲያ እንዴት የእምቢታ አባት ይሆናል? መልሱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በ404 ዓ.ዓ. አቴንስን ሠላሳው አምባገነኖች ሲገዟት አምስት ሰዎች ጠርተው የሳላሚሱን ሌዮን ለግድያ አምጡ አሏቸው። አራቱ ሄዱ። ሶቅራጥስ ወደ ቤቱ ሄደ። አልጮኸም፣ አልሸሸም። ዝም ብሎ ወደ ቤቱ!

ኪንግ ሁለቱንም ሶቅራጥሶች ነው የያዘው። ትእዛዙን እምቢ የሚለውንና ቅጣቱን ሳይሸሽ የሚቀበለውን። ፍትሕ የጎደለውን ሕግ የሚጥስ በግልጽ፣ በፍቅር፣ ቅጣቱን ለመቀበል ፈቅዶ ይጥስ ነው ያለው። ፍትሕ የሌለው ሕግ ሕግ አይደለም የሚለው ግን የሶቅራጥስ አይደለም፤ ከአውግስጢኖስ ነው የወሰደው። ይህን መለየት ደስ ይለኛል፤ ኪንግ ማንን ለምን እንደሚጠራ የሚያውቅ ሰው ነበርና።

---

ሰላም_አትላንታ

እህቴ የሕግ ተማሪዋ፣ እጅሽ ይባረክ።

እኔ ደግሞ ከኪንግ በፊት ስለነበሩት ልጻፍ። ያለ እነሱ ጥያቄው ሙሉ አይሆንም። አሌክሳንደር ክሩሜል የሚባል ጥቁር ቄስ ወጣት ሳለ ኒው ዮርክ ውስጥ የሰማውን ጽፏል። ሴናተር ካልሁን፣ የባርነት ዋና ጠበቃ፣ የግሪክን ሰዋስው የሚያውቅ ጥቁር ባገኝ ጥቁር ሕዝብ ሰው መሆኑን አምን ነበር ብሏል የሚል። ክሩሜል ባሕር ተሻግሮ ካምብሪጅ ገባ፤ በ1853 ተመረቀ።

አሁን ደግሞ እዚሁ እኛ ጆርጂያ ልውሰዳችሁ። ዊልያም ስካርቦሮ በ1852 ሜከን ከተማ ውስጥ በባርነት ተወለደ። በጆርጂያ ሕግ ባሪያን ማንበብ ማስተማር ወንጀል ነበር። ልጁ ግን ፊደሉን ተደብቆ ቆጠረ። በ1881 የግሪክኛ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ! ሰዋስው ያውቃል ወይ ተብሎ የተጠየቀው ሕዝብ ልጅ ሰዋስው ለአሜሪካ ተማሪዎች ጻፈ። በኋላ የዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ካልሁን በ1850 ሞቷል፤ አላየውም።

አና ጁሊያ ኩፐርን ደግሞ በጣም ነው የምወዳት። በባርነት ተወልዳ፣ ራሌይ ውስጥ ነፃ ለወጡ ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት ተማረች። ግሪክኛ ክፍል ሲከፈት ለወንዶቹ፣ ቄስ ለሚሆኑት ነው ተባለ። እሷ ሄዳ ጠየቀች። ገባችም። ወንድ ልጅ ቄስ እሆናለሁ ካለ በሩ ሁሉ ይከፈትለታል፤ ሴት ልጅ ግን ፍላጎቷን የሚያይላት የለም ብላ በ1892 ባሳተመችው መጽሐፍ ጻፈችው። በ1925 ከሶርቦን ዶክትሬቷን ስትይዝ ዕድሜዋ ከ60 አልፎ ነበር። 105 ዓመት ኖራለች።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች አንዲት መምህርት ከባዱን የንባብ ክፍል ትተሽ ቀለል ያለውን ብትይዢ ይሻልሻል አለቻት። የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ነው ምክንያቱ። ልጄ ስታለቅስ መጣች። የአና ኩፐርን ታሪክ የነገርኳት ያን ቀን ማታ ነው፤ ወጥ እያማሰልኩ። በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች።

---

ነፃ_ሐሳብ

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ከልብ ይከብደኛል። ካልሁን ፈተና አወጣ፤ እኛ ፈተናውን አለፍን ብለን እንደሰታለን። ለምን እንፈተናለን? ሰው መሆን በግሪክ ሰዋስው ይረጋገጣል እንዴ? ግሪክኛ የማያውቀው ጥጥ ለቃሚስ?

---

ሰላም_አትላንታ

ጥያቄህ ትክክል ነው፤ እነሱም ያሰቡበት ይመስለኛል። ጥቁሩ ምሁርና የመብት ታጋይ ዱ ቦይስ ዊልበርፎርስ ላይ ግሪክኛና ላቲን አስተምሯል። በ1903 ባወጣው መጽሐፍ ግን አርስቶትልን የሚጠራው እንደ ፈታኝ አይደለም። እጠራዋለሁ፣ ያለ ንቀት ይመጣል ነው የሚለው። ጠሪው እሱ ነው። የንቀቱ ግድግዳ ያለው በሕይወት ባሉት ዘንድ ነው፤ ከሙታኑ ጋር ከዚያ ግድግዳ በላይ ተቀምጧል።

---

የግዕዝ_ደቀመዝሙር

በዚህ ላይ የኛን ነገር በአጭሩ ላንሳ። ግሪክኛ ለኢትዮጵያ ባዕድ አልነበረም። የኢዛና ድንጋይ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክኛ ነው የተጻፈው። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል «መጽሐፈ ፈላስፋ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። እነ ሶቅራጥስ፣ አፍላጦን (ፕሌቶ)፣ አርስጣጣሊስ (አርስቶትል) እዚያ ውስጥ እንደ አባቶች ይመክራሉ። ማንም ሰው መሆናችሁን አረጋግጡ ብሎ አላስነበበንም።

የምወደው ግን ዜኖፋንስ ነው፤ ከሶቅራጥስ የሚቀድም። ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻቸው ጥቁርና አፍንጫ ደፍጣጣ ናቸው ይላሉ፤ ጥራክያውያን ደግሞ ሰማያዊ ዓይንና ቀይ ፀጉር አላቸው ይላሉ ብሎ ጻፈ። ፈረሶች እጅ ቢኖራቸው አምላክን ፈረስ አድርገው ይስሉ ነበርም ብሏል። በ1898 ጳጳስ ሄንሪ ተርነር እግዚአብሔር ጥቁር ነው ብሎ አሜሪካን አስደነገጠ። ሕዝብ ሁሉ አምላኩን በራሱ መልክ ያያል፤ ጥቁር ለምን ከዚህ ይከለከላል አለ። ማርከስ ጋርቬይ ደግሞ እግዚአብሔርን በኢትዮጵያ መነጽር እናየዋለን አለ። ከዜኖፋንስ ቀድተውታል አልልም። ግን አንዱ የጣለውን ሌላው አንስቶ የተጠቀመበት ይመስላል። ግሪኩ በሐሳቡ ሁሉንም ምስል አፈረሰ። ጳጳሱ በዚያው ሐሳብ ነጩን ምስል ከሕዝቡ ግድግዳ ላይ አወረደ።

---

የፒያሳ_አንባቢ

ምን ልበላችሁ፣ ሌሊቱን አላስተኛችሁኝም። አርስቶትል ግን እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ነው። እሱን ምን እናድርገው?

---

ሒሳብ_አስተማሪ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አርስቶትል ራሱ አንድ ነገር ሳያስበው ነግሮናል። ባርነት ከተፈጥሮ ውጪ ነው፣ በኃይል የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ ብሎ ጽፏል። ያኔም ተቃዋሚ ነበር ማለት ነው። አልኪዳማስ የሚባል የንግግር መምህር እግዚአብሔር ሁሉን ነፃ አድርጎ ፈጠረ፣ ተፈጥሮ ማንንም ባሪያ አላደረገችም ያለው ደርሶናል።

እኔ ግን ለአርስቶትል መልስ የማገኘው ፕሌቶ «ሜኖን» ውስጥ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳስተምር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እሠራዋለሁ።

ሶቅራጥስ ከሜኖን ባሮች አንዱን ልጅ ይጠራል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ግሪክኛ ይናገራል ወይ ብሎ ብቻ ነው። መሬት ላይ ካሬ ይስላል፤ ጎኑ ሁለት፣ ስፋቱ አራት። እጥፉን፣ ስምንት የሚሆነውን ካሬ ጎን አምጣ ይለዋል። ልጁ በልበ ሙሉነት «ጎኑን እጥፍ አድርገው፤ አራት» ይላል። ይስሉታል። አሥራ ስድስት ሆነ። «ሦስት» ይላል። ዘጠኝ ሆነ። ከዚያ ልጁ «በዜውስ እምላለሁ ሶቅራጥስ፣ አላውቅም» ይላል።

የኔ ተማሪዎችም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚቆሙት። አራት፣ ሦስት፣ ዝምታ። ሁሌም በዚሁ ቅደም ተከተል። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስመር አሰምራለሁ። አንዱ ከኋላ ወንበር «እንዴ! እሱ ላይ ነው የሚሠራው!» ብሎ ይጮኻል። የሜኖን ልጅም ያንኑ አየ። ማንም ነግሮት አያውቅም። ጂኦሜትሪ አልተማረም።

ባሪያ ማመዛዘን የለውም፣ ለመታዘዝ የሚበቃ ብቻ ነው ያለው የሚለው አርስቶትል የፕሌቶ ተማሪ ነው። ይህ ገጽ በመምህሩ መጽሐፍ ውስጥ ነበር።

---

ነፃ_ሐሳብ

ይህን አላውቅም ነበር። ግን ንገሪኝ፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ምን ሆነ? ነፃ ወጣ?

---

ሒሳብ_አስተማሪ

አልወጣም። ሶቅራጥስና ሜኖን ስለ በጎነት ማውራታቸውን ይቀጥላሉ። ልጁ ከገጹ ይጠፋል። አንድም ሰው ዞር ብሎ አያየውም። ፕሌቶን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ማስረጃውን ፊታችን አስቀምጦ አለፈው። ያንን ማስረጃ አንስተው ፍርድ የጠየቁበት ከ2000 ዓመት በኋላ የመጡት እነ ኩፐርና እነ ኪንግ ናቸው። ያንን ሥራ ግሪኮቹ አልሠሩላቸውም።

---

የፒያሳ_አንባቢ

የልጁ ስም ማን ነው? ፈልጌ አጣሁት።

---

ሒሳብ_አስተማሪ

ስም የለውም። ሶቅራጥስ «ፓይ» ነው የሚለው። «አንተ ልጅ» እንደማለት ነው። በግሪክኛ ያው ቃል ሕፃን ልጅንም ባሪያንም ይጠራበታል፤ ሽማግሌም ቢሆን።

---

የሕግ_ተማሪዋ

ይህን ሳነብ ተነሥቼ የኪንግን ደብዳቤ ከፈትኩ። መታገሥ ለምን እንዳቃታቸው ሲዘረዝር፣ ዕድሜህ ምንም ያህል ቢሆን መካከለኛ ስምህ «አንተ ልጅ» ሲሆን ይላል።

በ1968 የሜምፊስ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች፣ 1300 ሰዎች፣ ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ሁለት ጓደኞቻቸው የቆሻሻ መኪና ውስጥ ተፈጭተው ሞተው ነበር። ኪንግ ሊያግዛቸው መጣ። ሚያዝያ 3 ማታ የመጨረሻ ንግግሩን ሲያደርግ እግዚአብሔር በየትኛው ዘመን መኖር ትፈልጋለህ ቢለኝ ብሎ በሐሳብ ጉዞ ጀመረ። ግሪክ ደረሰ። ፕሌቶን፣ አርስቶትልንና ሶቅራጥስን ፓርቴኖን አጠገብ ሲወያዩ አየ። «ግን እዚያ አልቆምም» አለ። እያለፈ እያለፈ የራሱ ዘመን፣ ሜምፊስ ላይ ቆመ።

የሰልፈኞቹ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው አራት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ፎቶው አሁን ፊቴ ነው። አባቴን የሚያክሉ ሰዎች ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ በሰልፍ ቆመዋል። ሁሉም አንገታቸው ላይ ያንኑ ሰሌዳ ነው ያንጠለጠሉት፦ «እኔ ሰው ነኝ»።